ከአንድ እስከ አስር

«ከአንድ እስከ አስር፣ ስንት ያምሃል?» ትላለች፤
ብዕሯን ከጆሮዋ ጀርባ ታወርዳለች።
እግሬን አየሁት፤ ተሰቅሏል በገመድ፣
ከጫፉ የአሸዋ ከረጢት፣ ወደ መሬት የሚወርድ።
ስንት ዓመት ያዘልኩት አሸዋ በጫንቃዬ፣
ዛሬ ተራው ደርሶት ይስበኛል ከአልጋዬ።

«አራት» አልኳት።

እውነት ነው። እግሬ አራት ነው።
እግር ቁጥር ያውቃል፤ እግር የሚታይ ነው፤
ፎቶ ተነስቷል፣ አጥንቱ ለሁለት ተለይቶ፣
ባለ ነጭ ኮቱ ሁሉ ያየዋል ወደ ብርሃን አንስቶ፦
«አልጋ አስራ አንድ፣ ጭን፣ ሦስተኛ ሳምንት፤
ደህና እየያዘ ነው፤ ትንሽ ትዕግሥት።»

ሌላውስ?
ሌላው ፊልም የለውም።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይመጣም።
በቃሊቲ መንገድ ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ፣
ጩኸቱ እንደሚሰበር እንጨት ጆሮዬን ሲይዝ፣
ያኔ ከኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ እንደገና እወርዳለሁ፣
ያኔ የዘለቀን እጅ እንደገና እስታለሁ።

ዘለቀ። ስሙ ነው። አልዘለቀም።
ቱምቢ እንደ እሱ ቀጥ አድርጎ የሚጥል አልነበረም፤
ሲበላ እንኳ ዝም አይልም፤
ሲወድቅ ግን አልጮኸም።

እሁድ ጠያቂ ይመጣል፣ ሁለት ታክሲ ተጉዞ፣
ብርቱካን በፌስታል ይዞ፦
«ተመስገን በል! አንተስ በእግር ተገላገልክ፣
ልጅህን አየህ፤ ተረፍክ!»
ተመስገን እላለሁ። ብርቱካኑን እልጣለሁ።
አንድ አፍ ምስጋናና ዋይታን አይችልም፤ ልጣጩን እቆጥራለሁ።

እህቴ አስካለ ጎንበስ አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ሆድ ይፍጀው ወንድሜ፤ ይህን ለሰው አታውራ፤
እግሩን ነው ያሉት ሰዎች፣ ራሱን ነው ይላሉ በተራ፤
ሥራ ማን ይሰጥሃል፣ ፎቅ አይቶ ለሚፈራ?»

ሆድስ ይፍጀው ነበር። ሆድ ጠበበው።
ወደ ደረት ወጣ፣ ከደረት ወደ ጉሮሮ፤
ሲመሽ ማንቁርቴ ላይ የቆመ ፌሮ።

ዛሬ ሌሊት ግን ሲስተር ኩለኒ
አራቷን ጽፋ አልሄደችም።
«አራት የሚያመው ሰው» አለችኝ፣ «አንሶላ አይነክስም።»
የአስታማሚ ዱካ ስባ ተቀመጠች።

ምን ብዬ ልንገራት?
ሐኪም ፊት የሚባለውን ቃል አልተማርኩም፤
«ፍርሃት» ብል የሕፃን ነው፤ «ሐዘን» ብል አልቀበርኩም፣
እሱን አፈር ሲያለብሱት እኔ እዚህ ተሰቅዬ ነበር።
«ጭንቀት» ብል፣ የቤት ኪራይ የደረሰበትም ጨነቀኝ ይላል።
እና በማውቀው ቋንቋ ነገርኳት፣ በግንበኛ፦
«ሲስተር፣ ቤቱ ቆሟል፣ ቀለምም ተቀብቷል፤
ቱምቢ ብትጥዪበት ግን ጠማማ ነው።
ከላይ አንድ ሰው እየወደቀ ነው። ሁልጊዜ እየወደቀ ነው።
መሬት አይደርስም፤ እኔም አልይዘውም።
ይሄ ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው?»

አይዞህ አላለችኝም። ለዚህ አመሰገንኳት።
በሰማያዊ ብዕር፣ ከአጥንቴ ታሪክ ሥር፣
ሁለት መስመር ጻፈች፤ ቀስ ብላ አነበበችልኝ፦
«አይተኛም፤ ጓደኛው ሲወድቅ ያያል።
የሚያነጋግረው ሰው ያስፈልገዋል።»
«ልሰርዘው?» አለችኝ።
የአሸዋው ከረጢት በገመዱ ላይ ትንሽ ዞረ።
«ተይው» አልኳት።

ጠዋት ባለ ነጭ ኮቶቹ መጡ፣ ሰባት ሆነው፤
ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሱት እንደ ልማዳቸው።
«ደህና እየያዘ ነው» አለ ዶክተሩ፣ ገጹን ገለጠ፤
ሊያልፍ ሲል ጣቱ በሰማያዊው መስመር ላይ ቀረ።
ፊልሙን ወደ ፖስታው መለሰና
«ስምህ ማን ነበር?» አለኝ።

ስሜን ለመናገር ያን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል ብዬ አላሰብኩም።

የሚያነጋግርህ ሰው የሚመጣው ሐሙስ ነው አሉኝ።
ዛሬ አርብ ነው።
ስድስት ሌሊት። ቆጠርኳቸው።
እነሱስ ቁጥር አላቸው።